ሲስተር ማለዳ የምትስተው ኖታ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ለማንም «እሺ» ብሎ አያውቅም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ እኔም የእሱው ልጅ ነኝ። ሐኪሙ ጨው ቀንስ ቢለው «አንተ ቀንስ» ብሎ የወጣ ሰው ነው። ከአንዱ ጎረቤት ጋር ሊያስታርቁት የመጡ ሰዎችን እርስ በርስ አጣልቶ ሸኝቷቸዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ላግባሽ ያለኝ እሱ ነው። እኔ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሁለታችንም ላጤ ነበርን» ትል ነበር።

ሥራው ማርሽ ባንድ ማሠልጠን ነው። በከተማችን ትራምፔት የሚነፋ ሰው ሁሉ ወይ በእሱ እጅ ያለፈ ወይ በእሱ የተባረረ ነው፤ ብዙዎቹ ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ሰው ሁሉ «ማስትሮ» ይለዋል። ልምምዱ የሚካሄደው እቤታችን፣ ከሳሎኑ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል ስለሆነ እኔ ልብስ ስፌት የተማርኩት በከበሮ ምት ነው። አንድ ልጅ ትንሽ ከኖታው ዝቅ ካለ አባቴ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል። ጥርሱን ያመመው ይመስላል። ከዚያ ልጁን እየጠቆመ ራሱ ዘምሮ ያሳየዋል፤ ልጁ ካልገባው ደግሞ ጫማውን እንዲፈልግ ይነግረዋል።

ስትሮክ የመታው እዚያው ልምምድ ላይ ነው። ቀኝ እጁ ላይ የነበረችው የመምሪያ ዘንግ ወደቀች። ልጆቹ ተናዶ የወረወራት ስለመሰላቸው መንፋታቸውን ቀጠሉ። እሱ ራሱ ተከትሏት ሲወድቅ ነው ያቆሙት።

የወሰድነው ሲስተሮቹ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉን የመሠረቱት አራት የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። ፎቷቸው መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ የእንጨት መጋዘን በነበረ ቤት ፊት፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ አንዷ መጥረጊያ ይዛ ቆመዋል። አልጋ እንኳ ሳይኖራቸው በአንድ ሕግ ጀመሩ ይባላል። አልጋው ላይ የተኛው ክርስቶስ ነው፤ ክርስቶስ ደግሞ ሳይጠየቅ አይነካም። መነኮሳቱ ካለፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ አለ። ደም የምትቀዳዋ ነርስ «ልቅዳ?» ትላለች። ወለል የሚወለውለው ሰውዬ «አልጋው ሥር ልግባ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋናው ሐኪም እንኳ ብርድ ልብሱን ከመግለጡ በፊት ይጠይቅና መልስ እስኪያገኝ እጁን ይሰበስባል። እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ በሽተኛ እንደ ድንች ጆንያ ሲገለበጥ ነበር ያየሁት። በመጀመሪያው ቀን ይህን ሳይ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

አባቴ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፅ አልነበረውም። ቀኝ ጎኑ ዝሏል፤ ዓይኑ ግን የድሮው ነው፤ ሰው ሲገባ ከእግር እስከ ራስ ይገመግመዋል። አንድ ጠዋት ነርሷ «ማስትሮ፣ መስኮቱን ልክፈተው?» አለችው።

«እሺ» አለ።

ዘልዬ እግሩን ያዝኩት። «አባዬ፣ አወቅኸኝ? እኔ ነኝ፣ ቃሪያዬ የምትለኝ።»

«እሺ።»

«ውሃ ልስጥህ?»

«እሺ።»

«ያመሃል እንዴ?»

«እሺ።»

ደስታዬ እዚያው ላይ ቀዘቀዘ። ነገሩን ያስረዳችኝ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ናት፤ ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምታወራ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት። የሚባለውን ሁሉ ይረዳል፤ የተጎዳው ቃል የሚያወጣበት የአንጎሉ ክፍል ነው፤ ሁሉም ቃል ጠፍቶ አንዲት ብቻ የምትቀርላቸው ሰዎች አሉ አለችኝ።

«እሺን የመረጣት እሱ አይደለም። ከአደጋው ተርፋ የቀረች ናት።»

«ራሱን ነቅንቆስ አይነግረንም?»

«ራሱም አፉን ይከተላል። አልፈልግም ለማለት አስቦ በአዎንታ ይነቀንቃል። አትቸኩዪ፣ እንሠራለን።»

ከስንቱ ቃል መካከል እሺ ትቅር? ስድብ ቢቀርለት እንኳ ይሻለው ነበር። የሆስፒታሉ ሰዎች ደግሞ በየደቂቃው የሚጠይቁት በአክብሮት ነው፣ እሱም በየደቂቃው እሺ ይላል። ከክፍሉ ታማሚዎች ሁሉ አባቴን የመሰለ ታዛዥ የለም ተባለ። ይህን የነገረችኝን ነርስ ላንቃት ምንም አልቀረኝም።

የሲስተር ማለዳ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ በማለዳ ስለምትመጣ ነው እንደዚያ የሚሏት። ሆስፒታሉ ውስጥ ከመሥራቾቹ የወረደ አንድ ልማድ አለ፤ በየጠዋቱ አንዲት ሲስተር በየአልጋው እየዞረች፣ በሽተኛው ከፈቀደ፣ አጭር መዝሙር ትዘምርለታለች። ሲስተር ማለዳ እኩያዬ ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጫማዋ የሚንጫጫ። ልቧ ንጹሕ ነው። ድምፅዋ ግን አይነሳ። ድሮ በጸሎት ቤቱ መዘምራን ውስጥ ነበረች አሉ፤ «እግዚአብሔር በሽተኞቹ ዘንድ ይፈልግሻል» ብለው በዘዴ አስወጧት።

«ማስትሮ፣ ልዘምር?» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ እጇን አጣምራ።

«እሺ።»

*ጨለማው ሄደ፣ ብርሃንህ መጣ* ብላ ጀመረች። «ጨለማው ሄደ» ደህና ነበር። «ብርሃንህ» የምትለው ላይ ድምፅዋ መውጣት ሲገባው ደረጃ እንደሳተ ሰው ተንሸራቶ ወረደ። የአባቴ ግራ ዓይን ተጨፈነ።

«ደስ ካለዎት ልድገመው?»

«እሺ» አለ ምስኪኑ።

አባቴ ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ጠቡ ከመዘምራን ጋር ነበር። አሁን በየማለዳው ያቺን አንዲት ኖታ እየጠበቀ ያልበዋል። ሲስተር ማለዳ ዓይኑ እንባ ሲያቀር አይታ «መዝሙሩ ልቡን ነካው» አለችኝ። አልቻልኩም።

«ሲስተር፣ አባቴ እሺ የሚለው ሌላ ቃል ስለሌለው ነው» አልኳት።

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሳትጠይቅ መቀመጧ ትዝ ሲላት ብድግ አለች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ሳልጠይቀው ነው የዘመርኩት ማለት ነው» አለች። እንደዚያ ታዝናለች ብዬ አላሰብኩም ነበርና ጸጸተኝ፤ ነገም ዘምሪ፣ ግድ የለም፤ መፈለግ አለመፈለጉን እኔ ከፊቱ አያለሁ አልኳት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ደረሰ። ወንድም ጋሼ መካኒክ ነው። በልጅነቱ ባንዱን ትቶ ጋራዥ ሊገባ አባቴን ፈቃድ ሲጠይቅ «እምቢ» አለው። ሊያገባ ሲል «እምቢ»። ሌላ ከተማ ሄጄ ልኑር ሲል «እምቢ»። ሦስቱንም ያለ ፈቃድ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። አሁን የአባቴን የዛለ እጅ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ እኔ ጋ ልውሰድህ። ልጆቼን ታያለህ፣ ባለቤቴ ትንከባከብሃለች። ቤቱን እንሸጠውና ለሕክምናህ ይሁን። ምን ትላለህ?»

«እሺ» አለ አባቴ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የአባቴ ደረት ላይ ተደፋና አለቀሰ። ትልቅ ሰውዬ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት።

ኮሪደር ላይ ጎትቼ አወጣሁት። የባለሙያዋን ቃል አንድ በአንድ ነገርኩት። «እሱ እሺ አላለህም። ቤቱን አይሸጥም። የልምምድ ክፍሉን ሳያይ አንድ ቀን አያድርም፤ እዚህም ሕክምናው ገና መጀመሩ ነው፣ እዚያ እናንተ ጋ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ የለም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን ቃል ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን ሲላት አልሰማሁም በል ትይኛለሽ?»

«እያልኩህ ያለሁት...»

«አንቺማ ሁልጊዜ እሺ ባይልሽም አጠገቡ ነበርሽ።» ዓይኑን ጠረገ። «ከነገ ወዲያ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እዚህ ሕጋቸው በሽተኛውን መጠየቅ ነው አይደል? ይጠይቁት።»

ያ የወደድኩት ሕግ ዞሮ አባቴን አሳልፎ ሊሰጠው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሲስተር ማለዳ ስትመጣ እኔ ሌሊቱን ስናደድ ያደርኩ ነኝ፤ የማንንም መዝሙር የምሰማበት ትዕግሥት አልነበረኝም። እሷ እየፈራች ጀመረች። *ጨለማው ሄደ...* አባቴ ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ጨበጠ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። *ብርሃንህ*፣ ድምፅዋ እንደ ልማዱ ተንሸራቶ ወረደ።

«ብር-ሃ-ንህ» አለ አባቴ።

አለ ማለት አይገልጸውም፤ ዘመረው። ጎርነን ባለ፣ በዛገ፣ ግን ልክ በሆነ ድምፅ። ሲስተር ማለዳ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አጠገቡ ባለው አልጋ እግሩ በጀሶ የታሰረ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ ክራንቹን ተደግፎ «ሰማችሁ? እኔ ብቻዬን ነኝ የሰማሁት?» አለ።

«ሲስተር፣ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው፤ እንደገና ሳተችው። አባቴ ዓይኑን አፍጥጦባት «ብር-ሃ-ንህ» ብሎ አረመ፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ የግራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። ከፍ በይ ማለቱ ነበር። ከባንዱ ልጆች በዚያች ጣት ያልተባረረ የለም።

ባለሙያዋን ሮጬ ጠራኋት። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ በራ። ዜማ ከንግግር በተለየ መንገድ እንደሚወጣ፣ መናገር ያቃታቸው ሰዎች አንዳንዴ መዝፈን እንደሚችሉ፣ ይህ እንዲወጣ ግን የሚቀሰቅሰው ነገር እንደሚፈልግ ነገረችን። «እኔ በሚወዱት ዜማ ልሞክርላቸው ነበር ያሰብኩት፤ የሚጠሉት ይሠራል ብዬ አልገመትኩም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሥራ ጀመርን። አንድ ቃል በሁለት ድምፅ እየዘመረች፣ በግራ እጁ ምቱን እያስመታችው ልታስተምረው ነው። ቃሉን ምረጪ አለችኝ።

«ብዙ ጊዜ በውሃ ነው የምንጀምረው።»

«ውሃ ይቆይ» አልኳት። «በእምቢ እንጀምር።»

ነገ ምን እንደሚጠብቀው ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። የአባቴን የማርሽ መክፈቻ ሁለት ድምፅ ወሰድንለት፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ። *እም-ቢ*። ቀኑን ሙሉ ሠራን። ዜማውን ወዲያው ያዘው፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «እ-ሺ» ነው። በትክክለኛው ዜማ እ-ሺ፣ በትክክለኛው ምት እ-ሺ። አመሻሹ ላይ ትራሱን በግራ እጁ እየደበደበ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ ስትሞት ብቻ ነበር። ባለሙያዋ «ለዛሬ ይበቃል፤ አንድ ቀን በቂ አይደለም» አለች። ሌላ ቀን ግን አልነበረንም።

ወንድም ጋሼ እንዳለው ደረሰ፤ አዲስ የገዛውን ጋቢና የመሰለ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ። የሆስፒታሉን የበላይ ሲስተር ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል፤ አጭር፣ ጆሮአቸው የደከመ መነኩሲት ናቸው። በሽተኛ ሕክምናውን ሳይጨርስ ልሂድ ሲል ራሳቸው መጥተው መጠየቅ ልማዳቸው ነው። ባለሙያዋ ሁኔታውን ነግራቸው ነበርና ወንድሜን ፊት ለፊት አዩት።

«ልጄ፣ ይህ ሰው እምቢ ማለት የማይችል ከሆነ እሺው ምን ያደርግልሃል?»

«እማማ፣ እሱ እምቢ ማለት አይችልም የምትሉኝ እናንተ ናችሁ» አለ ወንድሜ። «ከእኔ በላይ እምቢታውን የሚያውቅ የለም። ይጠየቅልኝ።»

እማማ የሆስፒታሉን ሕግ መሻር ስላልቻሉ አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብለው የአባቴን ግራ እጅ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቁ፤ ያዙም። «ማስትሮ፣ ከልጅዎ ጋር መሄድ ይፈልጋሉ?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲታገል አየሁት፤ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። «እ...» አለ። «እ... እሺ።»

«ቤቱስ ይሸጥ፣ አባዬ?» አለ ወንድሜ።

«እሺ።» እንባው በጉንጩ ወረደ። ራሱም በአዎንታ ተነቀነቀ።

ወንድሜ ልብሱን ወደ ሻንጣ መክተት ጀመረ። እኔ ባለሙያዋን አየኋት፤ ሁለቱን ድምፆች ዘመረችለት፤ ጥርት ባለ ድምፅ፣ በትክክል። አባቴ «እ-ሺ» አለ። እኔም ዘመርኩለት፤ እኔ የማስትሮ ልጅ ነኝ፣ ኖታ አልስትም። «እ-ሺ።» ወንድሜ የአባቴን ሸሚዝ እያጠፈ «ተዪው፣ አታሠቃዪው» አለኝ።

ሲስተር ማለዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጥታ አልጋው እግርጌ ቆመች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ማስትሮ፣ እኔም ልሞክር?»

«እሺ» አለ አባቴ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

ደረቷን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ዘመረች። *እም* የሚለውን አገኘችው። *ቢ* የሚለው ግን፣ የአባቴ የገዛ ማርሽ፣ በየሰልፉ ከተማውን ያስጨበጨበው መክፈቻ፣ ከመደርደሪያ እንደወደቀ ትሪ ሆነ።

የአባቴ ግራ ዓይን ተጨፈነ። ግራ እጁ ከእማማ እጅ ውስጥ ወጥቶ ወደ ላይ ተነሣ። ጣቱን ቀስሮ፣ በሙሉ ሳንባው፦

«እም-ቢ።»

ሲስተር ማለዳ ዓይኗን ገልጣ ልታርም ሞከረች፣ ባሰባት። «እም-ቢ» አለ አባቴ፣ አሁን ተቆጥቶ፣ ምቱን አልጋው ብረት ላይ እየመታ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ፤ ሻንጣውን አየ፤ የታጠፈውን ሸሚዙን አየ። ከንፈሩ ተሰበሰበ፤ ዜማው ቀረና ቃሏ ብቻዋን ወጣች፤ ደረቅ፣ የድሮዋ፣ በልጅነታችን ግድግዳ የምታነቃንቅ።

«እምቢ።»

የታክሲ ሹፌሩ ክራንቹን ወለሉ ላይ እየደቃ አጨበጨበ። ማዶ ያሉት አልጋዎች ተቀበሉት። ነርሶቹ ከኮሪደር ሮጠው መጡ፤ ወለል የሚወለውለው ሰውዬ ባልዲውን ጥሎ ገባ። ለአንድ «እምቢ» እንደዚያ ሲጨበጨብ ዳግም አላይም። እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ ሲስተር ማለዳን አንገቷን አንቄ ቆቧን እንዳጣመምኩባት ነው የነገሩኝ። ባለሙያዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አፍንጫዋን ታብስ ነበር።

ወንድም ጋሼ ሸሚዙን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ያዝናል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አልጋው አጠገብ ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

«ቤቱ አይሸጥም፣ አባዬ?»

«እምቢ።»

«እኔ ጋ አትመጣም?»

«እምቢ።»

ወንድሜ ሳቀ። መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ኋላ እየተንፈቀፈቀ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ። «ይሄ ነው አባቴ» አለን ወደ እኛ ዞሮ። «እሺ የሚለውን ሰውዬ አላውቀውም ነበር።» ሸሚዙን ዘርግቶ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰው።

እማማ ከጎናቸው ያለችውን ነርስ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ጆሯቸው ላይ ጮክ ብላ ስትነግራቸው አማተቡ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ በሉ አሁን አልጋውን ከበባችሁት፣ ፈቃድ ጠይቃችኋል?» ብለው ሁላችንንም አስወጡን።

ሲስተር ማለዳን ኋላ ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኳት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ሆን ብለሽ ነው አይደል የሳትሽው?»

ቅር ብሏት አየችኝ። «ምኑን?» አለች።

ከእምቢ በኋላ ውሃ መጣ፤ ቀጥሎ የእኔ ስም፣ ቀጥሎ ስድቦቹ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በዜማ፣ ኋላ በባዶ። እግሩም ቀስ በቀስ ታዘዘችው። የሚወጣበት ቀን የባንዱ ልጆች ሆስፒታሉ በር ላይ መሣሪያቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ የታክሲ ሹፌሩም በሁለት እግሩ መጥቶ ነበር። አባቴ በምርኩዝ፣ እኔን በአንድ ጎን፣ ወንድሜን በሌላ ጎን አድርጎ፣ በመሥራቾቹ ፎቶ ሥር አለፈ። ሲስተር ማለዳ እጇን አጣምራ እዚያ ትጠብቀው ነበር።

«ማስትሮ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልዘምር?»

«እምቢ» አለ አባቴ።

በሳቅ ፈረስን፤ ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። እሱም ምርኩዙን ለእኔ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ግራ እጇን ይዞ ሳማት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ጣቱን ቀሰረና ማርሹን አስጀመራቸው።

በዚያ ጩኸት መሃል ወንድሜ የመኪናውን በር ከፍቶ ቆመ። አንድ ነገር ማለት ፈልጎ ይውጠዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። የልጅነቱን ፊት አየሁበት፤ ጋራዥ ልግባ ብሎ በሩ ላይ የቆመ ጊዜ የነበረውን።

«አባዬ፣ ትንሽ ጊዜ እቤት አብሬህ ልሁን? የልምምድ ክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል፤ እሠራዋለሁ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየው። አሁን እምቢ ማለት እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንድሜም ያውቃል።

«እሺ» አለው።